ርዕሱ የፈላጊው ነው

የጋሽ በላቸውን ማረፍ የሰማሁት ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ከታክሲ ወርጄ አስፋልቱን ልሻገር ስል ነው። የደወለልኝ አለቃችን ኤርሚያስ ነበር። ጋሼ ንጋት ላይ አርፈዋል አለኝ። ከኋላዬ የታክሲው ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል፤ ከፊቴ የመድኃኒት ከረጢት ያንጠለጠሉ ሰዎች ከሆስፒታሉ በር ይወጣሉ። ያልተጠበቀ ሞት አልነበረም፤ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነው የከረሙት። ቢሆንም አንድ ፋርማሲ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቢሮ ስገባ የኤርሚያስ ዓይን ቀልቷል። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረኝና ዜና ዕረፍታቸውን በድርጅታችን ድረ ገጽ ላይ እንዳወጣ ለመነኝ። ፎቶ መረጥኩ፤ አጭር የሕይወት ታሪክም ጻፍኩ። የቀረኝ ርዕሱ ብቻ ነበር። ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ስደርስ ግን እጄ ታሰረ። ስለ ርዕስ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቢኖሩ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከጀርባዬ ቆመው፣ ያቺን የሰለቸችኝን ጥያቄያቸውን ይጠይቁኝ ነበር፦ «ይህን የሚፈልገው ማነው? ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?»

የእኛ ሥራ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ለክሊኒክ፣ ለፋርማሲ፣ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለትምህርት ቤት። ሰው ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሲፈልግ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው የሚመጡለት መስመሮች አሉ። እነዚያ የገጾች ርዕሶች ናቸው። ፈላጊው አንዷን ይነካል፤ ሌሎቹን አልፏቸው ይሄዳል። ገጹ ውስጥ ምንም ያህል ቢደከም፣ ርዕሱ ላይ ፈላጊው የሚያውቀው ቃል ከሌለ ማንም አይገባበትም። ይህን ዛሬ እንደ ቀላል ነገር እናገራለሁ እንጂ ጋሽ በላቸው እስኪመጡ ድረስ ርዕስ ማለት ለእኔ መጨረሻ ላይ ተቻኩሎ የሚሞላ ቦታ ነበር።

ወደ እኛ የመጡት ይሠሩበት የነበረው ጋዜጣ ሲዘጋ ነው። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርታኢ ነበሩ፤ ሌሎች ለጻፉት ዜና ርዕስ መስጠት የሳቸው ድርሻ ነበር። ኤርሚያስ የቀጠራቸው የአባቱ ወዳጅ ስለሆኑ እንጂ ለድረ ገጽ ይሆናሉ ብሎ አይደለም። እኔማ ጭራሽ ደስ አላለኝም። ቢሯችን ሦስት ጠረጴዛ የማትችል ጠባብ ክፍል ናት፤ እሳቸው ደግሞ ረጅምና ግዙፍ፣ ግራጫ ካፖርታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሻይ ቀዝቅዞ ከመጣላቸው ይቆጣሉ። በስልክ እየጮኸ የሚያወራ ካለ ተነስተው ይወጣሉ። እንደምን አደራችሁ ሳይል የገባን ሰው እስከ ማታ አያናግሩትም። ሁላችንንም «አንተ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» ነው የሚሉን፤ እሳቸውን ግን አንድ ቀን ተሳስቶ አንቱ ያላለ ተላላኪ ደረጃው ድረስ ሸኝተው ገሥጸውታል። ክብር የሚባል ነገር ለሳቸው ቀልድ አልነበረም። ይህን የምለው በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚሁ ስለመጣ ነው።

በመጡ በሳምንታቸው ገደማ የሠራሁትን የአንድ ጥርስ ክሊኒክ ገጽ አዩ። ርዕሱ ላይ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» ብዬ የክሊኒኩን ረጅም ስም አስከትዬበታለሁ። ጋሽ በላቸው መዳፋቸውን ዘርግተው የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ ሸፈኑት። ስልክ ላይ ሲታይ መጨረሻው ይቆረጣል፣ እጄ የሸፈነውን ማንም አያየውም፣ በይ የቀረውን አንብቢልኝ አሉኝ። የቀረው «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን» ነው። ጥርስ የሚል ቃል የለበትም። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው ያደረ ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ይፈልጋል እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ተናደድኩ፤ ግን ሳቄም መጣ።

ከዚያ በኋላ ያ መዳፍ ከስክሪኔ ላይ አልወረደም። ጋዜጣ ላይ ዓምዱ ጠባብ ነው፣ አላስፈላጊውን ቃል ቦታ የለህም ብሎ ይጥልልሃል፤ እዚህም ያው ነው ይሉ ነበር። የሚፈለገው ነገር ከፊት ይቅደም፣ የድርጅቱ ስም ወደ ኋላ ይሂድ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ይኑረው፤ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መለጠፍ ልጆችን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ነው። አንድ ደንበኛ «ክሊኒክ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይደጋገምልኝ ሲላቸው፣ እንዲህ አድርጎ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ብቻ ነው ብለው መለሱለት።

የሚገርመው ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። ርዕስ ከመጻፋቸው በፊት ካፖርታቸውን ቆልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ፋርማሲ መስኮት አጠገብ፣ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ይቆማሉ። ምንም አይጠይቁም፤ ሰው ሰውን ሲጠይቅ ይሰማሉ። አንዴ ጥበቃው ደላላ መስለውት ከበሩ ገለል እንዲሉ አድርጓቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሲብከነከኑ ዋሉ። እኛ ኮምፒውተር ላይ በቁጥር የምናየውን እሳቸው በጆሯቸው ይዘውት ይመጣሉ። ሰው የሚፈልገውን ነገር ትክክለኛ ስም አያውቅም አንቺ ልጅ፣ የሚያውቀው የቸገረውን ነው ይሉኝ ነበር።

በሆስፒታሉ ጀርባ የእንግዳ ማረፊያ የከፈቱ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ርዕሱ «ምቾትና ክብር የተሟላበት ዘመናዊ ማረፊያ» እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ጋሽ በላቸው እንደለመዱት ወረዱ። ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዘው የመጡ ሰዎች ጥበቃውን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ሲሰሙ ውለው ተመለሱና «ጳውሎስ አጠገብ ለአስታማሚ የሚሆን ማደሪያ» ብለው ጻፉ። ሴትዮዋ አስታማሚ የሚለውን ቃል ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቤቴ ሕመም ሕመም ሊሸት ነው፣ በስንት ልፋት ያሠራሁትን ቤት አዋረዱብኝ አሉ። ጋሽ በላቸው ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። በጣም በጨዋነት፣ ሻይ አዘውላቸው ነው ያስረዷቸው።

«እትዬ፣ ስሙ የባለቤቱ ነው። የወደዱትን ያውጡለት። ርዕሱ ግን የፈላጊው ነው። እሱ የሚጠራበትን ቃል ከነፈጉት፣ በርዎ ላይ ቆሞ ቤቱን አያገኘውም» አሏቸው።

ሴትዮዋ እያጉረመረሙ ተስማሙ። እኔ ያቺን ንግግር ወደድኳት። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እንደ ራሴ አድርጌ እናገራት ነበር። አንድ ቀን መልሼ ለራሳቸው ለጋሽ በላቸው እንደምነግራት ግን አላሰብኩም።

ደግሞ ግትር ነበሩ። ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል የተባለ ዱቄት የሚሸጥ ሰውዬ መጥቶ ይህንኑ ርዕሱ ላይ እንድንጽፍለት ሲጠይቅ፣ ኤርሚያስ ገና አፉን ሳይከፍት እሳቸው አልጽፍም አሉ። ገጹ ውስጥ የሌለውን ነገር ርዕሱ ላይ አልሰቅልም፣ ተስፋ አድርጎ የሚገባውን ሰው ባዶ ቤት አላስገባም ብለው ግግም አሉ። ሰውዬው ሄደ። ኤርሚያስ ቱግ ብሎ ሳምንት ኮርፎ ከረመ። እኔም በሆዴ፣ በሰው ቤት ጌታ ይሆናሉ እንዴ ብዬ ታዝቤያቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ቃል ሲያዩ ያማቸው ነበር።

ስለ ቤታቸው ብዙ አናውቅም ነበር። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። እንጦጦ ሥር ካለው የእጽዋት ማዕከል ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ተወልደው ባደጉበት ግቢ ከአባታቸው ጋር ይኖራሉ። አባታቸውን መቶ አለቃ ነው የሚሏቸው፤ አባቴ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። መቶ አለቃ ይርዳው ሰፈሩን ያስታረቁ፣ የእድር ዳኛ ሆነው የኖሩ፣ ሲያልፉ ወጣቱ ሁሉ ከተቀመጠበት የሚነሳላቸው ሰው እንደነበሩ በኩራት ያወሩልናል። ያላወሩን ነገር መቶ አለቃ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ልጃቸውን እንኳን በቅጡ እንደማያውቁት ነው። ጋሽ በላቸው በምሳ ሰዓት ለምን ወደ ቤት እንደሚሮጡ፣ ስልካቸው ሲጮኽ ለምን እንደሚደነግጡ የገባን በኋላ ነው። ጎረቤት እንኳን መቶ አለቃ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከቤት እንደማይወጡ ነበር የሚያውቀው።

ክረምት ነበር። እንጦጦን ጉም የዋጠበት፣ ዝናቡ የማያባራበት ሰሞን። ሠራተኛዋ ወፍጮ ቤት ደርሳ ስትመለስ የግቢው በር ተከፍቶ አገኘችው። መቶ አለቃ የሉም። ጋሽ በላቸው ቢሮ ደውላ ስትነግራቸው ካፖርታቸውን ትተው ነው የሮጡት። ያን ቀን ነው ያለ ካፖርት ያየኋቸው። ከውስጥ የለበሱት ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል።

ሰፈሩ ወጣ። እድርተኛው ወጣ። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ታክሲ ማዞሪያ፣ ሆስፒታል አልቀረም። ለፖሊስ ተነገረ። ኤርሚያስና እኔም በየዳገቱ ዞርን። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። በማግሥቱም አልተገኙም፤ በሦስተኛውም ቀን።

ያኔ ጋሽ በላቸው ገጽ እንድንሠራ ጠየቁ። ገጹን እኔ ሠራሁት። ርዕሱን ግን እንደወትሮው እሳቸው አመጡ፤ «ክቡር መቶ አለቃ ይርዳው ገብረ ሕይወትን ያያችሁ ወገኖች ተባበሩን»። አብሮ እንዲወጣ የሰጡኝ ፎቶ የጥንት ነው። መቶ አለቃ መለዮ ደፍተው፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን አድርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የጠፉት ሽማግሌ ግን በፒጃማ ሱሪና በላስቲክ ጫማ ነው የወጡት። ፎቶውንና ርዕሱን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይህን የሚፈልገው ማነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄውን ያወቁት ይመስለኛል። ቀጠልኩ። መቶ አለቃን የሚያውቅ ሰውማ ወሬውን ሰምቷል፤ ገጹ የሚያስፈልገው እሳቸውን ላገኘ ለማያውቃቸው ሰው ነው አልኳቸው። ያ ሰው ስማቸውን አያውቅም። መቶ አለቃ መሆናቸውንም አያውቅም። የሚያየው ስማቸው የጠፋባቸው፣ በዝናብ የበሰበሱ ሽማግሌ ነው።

«እና ምን ብሎ ይጽፋል?» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። «በይው እንጂ።»

«የጃጁ ሽማግሌ ብሎ ነዋ» አልኩ።

ኤርሚያስ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጣታቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ፤ መልሰው አጠፉ።

«አባቴን ጃጁ ብዬ አልጽፍም» አሉ።

አባቴ ሲሉ የሰማኋቸው ያኔ ነው። ስሙ የባለቤቱ፣ ርዕሱ የፈላጊው ይሉ አልነበር ወይ ብዬ እንደምንም ተናገርኩ። እሱ የሰው ቤት ነው አሉኝ። የሰው ቤት ላይ ጥበብ ቀላል ነው። ሰፈር ምን ይላል፣ መቶ አለቃ ቢገኝና ቢያነበው ምን ይለኛል አሉ። ማንበብ ትተዋል ልላቸው ብዬ አፌን ያዝኩ። ከዚያ በላይ የምገፋበት አንጀት አልነበረኝም። እንደፈለጉት አወጣነው።

ገጹን ብዙ ሰው ተቀባበለው። የድሮ ወታደሮች፣ የእድር ሰዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ጎረቤቶች ሳይቀሩ እግዚአብሔር ያገናኛችሁ እያሉ ጻፉ። መቶ አለቃን የሚያውቅ ሁሉ አየው። ያገኛቸው ሰው ግን አልደወለም። ጋሽ በላቸው በየቀኑ ጠዋት ይመጡና ከጀርባዬ ቆመው ስንት ሰው እንዳየው ይጠይቁኛል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ጢማቸው አድጓል። እንደምን አደራችሁ ሳይሉ መግባት ጀመሩ።

አንድ ጠዋት ዝናብ እንደመታቸው ገቡና እንድነሳላቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ሁሌ ርዕሱን እሳቸው ያወጣሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን፤ ያን ቀን ግን በሁለት ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ ራሳቸው ጻፉት፦ «የጃጁ፣ ስማቸውን የማያውቁ ሽማግሌ አግኝተዋል?» ቀጥለው የባለ ኒሻኑን ፎቶ እንዳነሳው አደረጉ። ሠራተኛዋ በስልኳ ያነሳችውን አንድ ፎቶ አመጡ። መቶ አለቃ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ የሱፍ ቆባቸው ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። ጋሽ በላቸው መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ግማሹን ሸፈኑና የቀረውን ለራሳቸው አነበቡ። ይበቃል አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና ወጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ያንጠባጠቡት ውኃ እስኪደርቅ ድረስ አልተቀመጥኩም።

ርዕስ በተለወጠበት ደቂቃ ለፈላጊው አይታይም። የመፈለጊያው ማሽን አዲሱን እስኪያነብ፣ አሮጌውን እስኪያነሳ ቀናት ይፈጃል። ይህንን ያስተማርናቸው እኛ ነን፤ አሁን ይህን እውቀት ይዞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አየን። ስልኩ የጮኸው ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ነው። የደወለችው ሌንሴ የምትባል ወጣት ናት። ቤታቸው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በኩል ነው። ፎቶውን አይታ ነው የደወለችው። ጋሽ በላቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ «እሺ፣ እንመጣለን፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉና ኤርሚያስን መኪናህን ታውሰኛለህ ወይ አሉት። ፊታቸውን አይተን ሌላ ነገር አልጠየቅንም። ሦስታችንም ሄድን።

የሌንሴ እናት ወይዘሮ ጫልቱ በር ላይ ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቀው ጠበቁን። ለማያውቁት ሰው ሐዘን ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌውን ያገኟቸው ጫካው ዳር፣ ዝናብ እየደበደባቸው ነው። ያለ ኮት። ወስደው አሞቋቸው፤ መገቧቸው። ስማቸውን ሲጠይቋቸው ተረኛው ነኝ ብቻ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ተነስተው ግቢው በር ላይ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ግቡ ሲሏቸው ተተኪ አልመጣም ይላሉ። ለአካባቢው አስተዳደር ተናገሩ፤ ግን የእነሱ ወረዳ ሌላ፣ የእኛ ሌላ ነበርና ወሬው ተራራውን አልተሻገረም። ከዚያ ሳል ጀመራቸው። ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ መድኃኒት ተሰጣቸው። አልተሻላቸውም። የሞቱት ጋሽ በላቸው ርዕሱን በለወጡበት ሰሞን ነው። የሰፈሩ እድር በክብር ቀበራቸው።

ሌንሴ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ስልኳ ላይ ደጋግማ ፈልጋ ነበር። የጻፈችውን አሳየችን፤ «የጃጁ ሽማግሌ ቤታችን አሉ ቤተሰባቸው እንዴት ይገኛል»። ምንም አላገኘችም። ከቀብሩ በኋላ እናቷ የሰው አባት ቀብሬ ዝም ብዬ አልተኛም እያሉ ስላስቸገሯት፣ ያንኑ ቃል መልሳ ጻፈችው። በዚህ ጊዜ የእኛ ገጽ ከላይ መጣላት። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ነገሩ ገርሟት ነው የጠየቀችው።

«ያኔ አልነበረም እንዴ?» አለች።

«ነበረ» አሉ ጋሽ በላቸው። «በሌላ ስም ነበር።»

መቃብሩ ላይ የተተከለ ምልክት አልነበረም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ወይዘሮ ጫልቱ ከጋሽ በላቸው ጎን ቆመው፣ ቄሱ ለፍትሐቱ የሟቹን የክርስትና ስም ሲጠይቁን አላወቅነውም፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ፈቱላቸው አሏቸው። ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ለሴትዮዋ ይሁን ለአፈሩ እንጃ፣ ቀስ ብለው «ኃይለ ገብርኤል ነው» አሉ። ኤርሚያስ ደግፎ ያዛቸው። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ለመቶ አለቃ ሳይሆን ለሳቸው ነው ያለቀስኩት።

ቀድመው ቢጽፉት መቶ አለቃ ይተርፉ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። ዕድሜ ነበረ፣ ብርድ ነበረ። ኤርሚያስ ይህን ስንቴ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወሬ ይለውጣሉ። ቢያንስ እጁን ይዤው ይሞት ነበር ያሉኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ መልስም አልጠበቁም።

ገጹን እንዳጠፋው ስጠይቃቸው አይሆንም አሉ። የአባታቸውን ፎቶ አንስተው የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ከላይ አደረጉበት። ርዕሱን አልነኩትም። ከሥሩ፣ ሽማግሌ ወይም አሮጊት መንገድ ጠፍቷቸው ያገኘ ሰው እንዲደውል፣ የጠፋበትም እንዲያስመዘግብ ጻፉ። ያቺ ስልክ መጮኽ ጀመረች። ከየሰፈሩ ይደውላሉ። ሁሉም ያንኑ ቃል ጽፈው ነው የሚያገኙት። ጋሽ በላቸው ስልክ ሲያነሱ ስም አይጠይቁም፤ ማነህ፣ ከየት ነህ አይሉም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነበር፤ «ደርበውላቸዋል?» ደዋዩ ብርድ ልብስ አልብሶ እስኪመለስ መስመሩ ላይ ይጠብቃሉ። ሌላው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤታቸው የተመለሱ አሉ። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ልጆች ሊያመሰግኗቸው ቢሮ ድረስ መጡ፤ እሳቸው ግን በጓሮ ደረጃ ወርደው ሄዱ። ሥራውን አላቆሙም። ርዕስ ይሰጣሉ፤ ሆስፒታሉ በር ላይም ይወርዳሉ። ሻይ ሲቀዘቅዝ ግን መቆጣት ተዉ። አንቱ ያላላቸውን ሰው መገሠጽ ተዉ። ቁጣቸውን እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ናፈቀኝ። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሊናፍቅ እንደሚችል ከሳቸው ነው ያወቅሁት።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ያቺን ስልክ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ቻርጅ እንዳያልቅባት አሉኝ። ሌላ ኑዛዜ አልሰማሁም።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ባዶው ቦታ ላይ «አቶ በላቸው ይርዳው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ብዬ ጻፍኩ። ሳላስበው መዳፌ ተዘርግቶ የቀኙን ግማሽ ሸፈነ። «አቶ በላቸው ይርዳው» የሚለው ብቻ ቀረ። ቢያዩኝ ዋናውን ነገር አስቆረጥሽው ብለው ይቆጡኝ ነበር። እጄን ለማንሳት አልቸኮልኩም።

ስልኳ የጮኸችው ያኔ ነው። የማላውቀው ቁጥር ነው። አንድ ሰውዬ፣ ድምፁ የተደናገጠ፣ እናንተ ናችሁ ወይ አለኝ። አንዲት እናት ሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸውን አያውቁም፤ ቤታቸውንም አያውቁም። ኤርሚያስ ከወዲያ ማዶ እያየኝ ነው። ስሙን ልጠይቀው፣ ሰፈሩን ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ።

«ደርበውላቸዋል?» አልኩት።

ቆይ አለኝና ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀምጦ ሄደ። መስመሩ ላይ ሆኜ ጠበቅኩት።